«ተሻሽሏል» ብዬ የጻፍኩበት ካርድ

በአንዲት ታካሚዬ ካርድ ላይ የጻፍኩት አንድ ቃል ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሲከነክነኝ ኖሯል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፤ መገጣጠሚያን በእጅና በእንቅስቃሴ አክማለሁ። እንደ ሙያችን ልማድ የጻፍኩት በእንግሊዝኛ ነበር፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ተሻሽሏል» ማለት ነው። ከቃሉ ጎን ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ 95 እና 120። የመጀመሪያው እኚህ እናት ወደ እኔ በመጡበት ቀን ቀኝ ክንዳቸውን ወደ ፊት አንስቼ የለካሁት ዲግሪ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከሦስት ሳምንትና ከስድስት ቀጠሮ በኋላ ያገኘሁት ነው። ማንም የሙያ ባልደረባዬ ያንን ካርድ ቢያገላብጠው ሥራዬን የሚነቅፍበት ምክንያት አያገኝም፤ የ25 ዲግሪ ለውጥ ለደረቀ ትከሻ ትንሽ አይደለምና።

ሆኖም ቃሉን ጽፌ እስክሪብቶዬን ሳላስቀምጥ ክፍሉ ውስጥ የሆነ ነገር ነበር። በዚያች ቅጽበት እያየሁ አላየሁትም። ማታ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወዳለው ቤቴ በእግሬ ስወርድ ግን መንገድ ላይ ያዘኝ፤ ከዚያ ወዲህም አልለቀቀኝም።

ብርድ የመታው ትከሻ

እኚህ እናት የሚመጡት ከሐይቅ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከታናሽ ሴት ልጃቸው ጋር በሚኒባስ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ደሴ ይገባሉ። ዕድሜያቸው ሃምሳን ተሻግሯል፤ ስኳር ካለባቸውም ዓመታት ተቆጥረዋል። ሕመሙ የጀመራቸው ከስምንት ወር በፊት ሲሆን፣ አልወደቁም፣ የመታቸውም ነገር አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሌሊቱ አላስተኛቸው አለ፤ በቀኝ ጎናቸው ዞር ባሉ ቁጥር ሕመሙ ይቀሰቅሳቸዋል። ኋላ ላይ ሕመሙ ጋብ ሲል ደግሞ ክንዳቸው አልታዘዝ አላቸው።

ምን መሥራት እንዳቃታቸው ስጠይቃቸው የዘረዘሩልኝ ከየትኛውም መጠይቅ የተሻለ ነበር። አክንባሎውን ከምጣዱ ላይ ማንሳት፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰፌድ ማውረድ፣ ለሶላት ሲቆሙ ሁለት እጃቸውን እስከ ጆሯቸው ማድረስ፣ የልጅ ልጅ ማዘል፣ ሻሻቸውን ከማጅራታቸው ላይ ማሰር። ሁሉንም በትዕግሥት ሰማሁ። ካርዱ ላይ ያሰፈርኩት ግን «ቀኝ ክንድ ማንሳት ይቸገራሉ» የሚለውን ብቻ ነው።

ጎረቤት ሁሉ ብርድ ነው ብሏቸዋል። ከጦሳ ተራራ ሥር ለሚኖር ሰው ብርድን አለመክሰስ ይከብዳል፤ እኔም በሐምሌ ጠዋት ጉልበቴ ሲያመኝ መጀመሪያ የሚመጣልኝ እሱው ነው። ከብርድ ክሱ በኋላ ወጌሻ ጋ ሄደው ነበር። ወጌሻው በቅቤ አሽቶ፣ ክንዳቸውን ይዞ ሦስት ጊዜ ሳበው፤ ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ አልተኙም። ወጌሻን የምንቅ ሰው አይደለሁም። የብዙ አባወራ ቁርጭምጭሚት በእነሱ እጅ ተመልሶ ማረሻ ጨብጧል። የእኚህ እናት ትከሻ ግን ከቦታው አልወጣም፤ ስለዚህ የሚመለስበት ቦታም አልነበረውም።

ሐኪሙ ራጅ አስነሥቶ አጥንቱ ደህና መሆኑን አይቷል። ይህ መዝለል የሌለበት እርምጃ ነው፤ ክንድ ወደ ውጭ አልዞር ሲል በተመሳሳይ መልክ የሚመጡ ሌሎች ችግሮች አሉ፤ ሳይታወቅ ወደ ኋላ ወልቆ የቆየ ትከሻና የመገጣጠሚያ መበላት ከእነሱ መካከል ናቸው። እነዚህ ከተወገዱ በኋላ የቀረው እኛ ፍሮዘን ሾልደር የምንለው፣ በአማርኛ የደረቀ ትከሻ ልንለው የምንችለው ሕመም ነበር። ይህን ስም በፈረንጆቹ 1934 ያወጣው የቦስተኑ ቀዶ ሐኪም ኮድማን ሲሆን፣ ለመበየን አስቸጋሪ፣ ለማከም አስቸጋሪ፣ ምክንያቱን ለማስረዳትም አስቸጋሪ ነው ብሎ ነበር የገለጸው። ዘጠና ዓመት ካለፈ በኋላም ይህ አባባል ብዙ አልተሻረም። የሚታወቀው፣ ከአርባ እስከ ስድሳ ባለው ዕድሜ እንደሚበዛ፣ ሴቶችን ከወንዶች ይልቅ እንደሚያጠቃ፣ ስኳር ያለበትን ሰው ደግሞ አብዝቶ እንደሚይዝ ነው።

የሚሆነውን ለታካሚዎቼ የምነግራቸው በቁርበት ነው። የትከሻን መገጣጠሚያ ዙሪያውን እንደ ስልቻ የሚሸፍን ስስ ነገር አለ። በጤናው ጊዜ ላላ ያለ ነው፤ ክንዳችን ሽቅብ ሲወጣ የሚዘረጋው እሱ ነው። በዚህ ሕመም ጊዜ ይቆጣል፣ ይወፍራል፣ ኋላም ሳይለፋ ፀሐይ ላይ እንደ ተረሳ ቁርበት ይሰበሰባል። የተሰበሰበ ቁርበት በአንድ ጊዜ ጉልበት እንደማይለፋ ወሎ ውስጥ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ይህንን ምሳሌ በየቀኑ እየተናገርኩ ራሴ ያደረግኩት ግን ሌላ ነበር።

ያልተጠራችው ልጅ

ስድስተኛው ቀጠሮ ሐሙስ ነበር። እንደተለመደው ትከሻቸውን በሙቅ ፎጣ አሞቅሁ፣ በጀርባቸው አስተኛኋቸው፣ በአንድ እጄ የክንዳቸውን አጥንት ራስ ከኋላ ይዤ ወደ ፊት ገፋሁ፣ ከዚያም ክንዱን ወደ ላይ ወሰድኩት። እሳቸው «ቢስሚላህ» ብለው የነጠላቸውን ጫፍ ነከሱ፤ እኔም «አይዞዎት እማማ፣ ትንሽ ብቻ ቀረ» እያልኩ ትንሽ ጨመርኩ። ትንሽ ሲጨመር የሚገኘውን ስሜት በዚህ ሙያ ያለ ሰው ያውቀዋል፤ ከእጅህ ሥር አንድ ነገር የላላ ይመስልሃል፣ ደስም ይልሃል።

የመገጣጠሚያ ማዕዘን መለኪያውን፣ ጎኒዮሜትሩን፣ አስቀምጬ ለካሁ። 120 ሆነ። «እማማ፣ በጣም ተሻሽሎልዎታል!» አልኳቸው። «አልሐምዱሊላህ» አሉና ተነሥተው ተቀመጡ። እኔ ወደ ጠረጴዛዬ ዞሬ ካርዱን ከፈትኩ።

ይህን ጊዜ ከበሩ አጠገብ ወንበር ላይ የነበረችው ልጃቸው ተነሣች። ማንም አልጠራትም። ከእናቷ ኋላ ሄዳ ቆመች፣ እናትየዋም ራሳቸውን ዝቅ አደረጉላት፣ ልጅቷ በሕክምናው ጊዜ የወለቀውን ሻሽ አንሥታ፣ ሁለቱን ጫፎች አዙራ፣ ከማጅራታቸው ላይ ቋጠረችው። አንድም ቃል አልተለዋወጡም። ስምንት ወር ሲያደርጉት የኖሩት ነገር እንደመሆኑ፣ አንዷ መስጠትን ሌላዋ መቀበልን ለምደውታል። በዚያችው ደቂቃ ነበር እኔ «ተሻሽሏል» የሚለውን የጻፍኩት።

ልጅቷ ተጠርታ ቢሆን ምናልባት አይከነክነኝም ነበር። ቢጠሯት ኖሮ «ዛሬ ደግሞ እስኪ ራሴ ልሞክረው» የሚል አሳብ በመካከል ገብቷል ማለት ነው፤ ተሞክሮ አልሆነም ማለት ነው። ሳትጠራ መምጣቷ ግን ስድስቱ ቀጠሮ ለሁለቱም ምንም እንዳልለወጠ የሚናገር ነበር። የእኔ 120 በዚያ ቤት ውስጥ የለም። አልጋዬ ላይ ተወልዶ አልጋዬ ላይ ቀርቷል።

ሃያ አምስቱ ዲግሪ የማን ነበር?

በዚያ ሳምንት መጨረሻ ላይ ነገሩን ከራሴ ጋር ተከራከርኩበት። መጀመሪያ የሰጠሁት መልስ ለራሴ የሚመች ነበር፤ ስኳር ያለባቸው ሰዎች ይዘገያሉ፣ ስድስት ቀጠሮ ጥቂት ነው፣ ቤት ውስጥ አልሠሩ ይሆናል። ሁሉም እውነትነት ያላቸው ምክንያቶች ናቸው። ነገር ግን 25 ዲግሪ ተገኝቶ ሻሽ ማሰር ቅንጣት ያህል አለመቅረቡን አያስረዱም።

ክንድ ሲነሣ የሚንቀሳቀሰው አንድ መገጣጠሚያ ብቻ አይደለም። በጀርባ በኩል ያለው ጠፍጣፋው የትከሻ አጥንትም አብሮ ይዞራል። ኢንማን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በፈረንጆቹ 1944 እንዳሳዩት፣ በጤነኛ ሰው ክንድ ሦስት ዲግሪ ሲነሣ ሁለቱ ከዋናው መገጣጠሚያ፣ አንዱ ከጠፍጣፋው አጥንት የሚመጣ ነው። ዋናው ሲደርቅ ጠፍጣፋው አጥንት ያበድረዋል፤ ቀድሞ ይነሣል፣ አብዝቶም ይዞራል። ጀርባም ጎበጥ ቀና እያለ ይጨምርበታል። ለዚህ ነው የደረቀ ትከሻ ያለበት ሰው ክንዱን ሲያነሣ ትከሻው ወደ ጆሮው የሚሸሸው። አካል ብልህ ነው፤ ባለሙያው ካልነቃ ግን ብድሩን እንደ ትርፍ ይቆጥረዋል።

ማክሰኞ ሲመጡ እንደገና ለካሁ። በዚህ ጊዜ በአንድ እጄ ጠፍጣፋውን አጥንት አጥብቄ ይዤ፣ ጀርባቸው ከአልጋው እንዳይነሣ ተጠንቅቄ ነበር። ጎኒዮሜትሩ 100 አለ። ከ95 እስከ 100 ያለው አምስት ዲግሪ ደግሞ በሁለት ልኬት መካከል እጅ ሲያጋድል እንኳን ሊመጣ የሚችል ልዩነት ነው። ከዚያ እስከዚያን ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ለክቼ የተውኩትን እንቅስቃሴ ለካሁ፤ ክርናቸውን ከጎናቸው አስጠግቼ፣ በር እንደሚከፍት ሰው እጃቸውን ወደ ውጭ አዞርኩ። በመጀመሪያው ቀን 10 ነበር። አሁንም 10 ነው።

እጅን ወደ ማጅራት ለማድረስ ክንድን ከማንሳት በተጨማሪ የሚያስፈልገው ይህ ወደ ውጭ የመዞር አቅም ነው። የደረቀ ትከሻ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚነጥቀው ይህንኑ ነው፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ሲሪያክስ ትቶልን የሄደው ቅደም ተከተልም መጀመሪያ ወደ ውጭ መዞር፣ ቀጥሎ ወደ ጎን መነሣት፣ ከዚያ ወደ ውስጥ መዞር እንደሚጠብ ነው የሚለው። ይህን በትምህርት ቤት ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ግን ክንዳቸውን ወደ ፊት እያነሣሁ ነበር። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው።

ቁጥሩ ስህተት እንደነበር ልነግራቸው ይገባ ነበር፤ ነገርኳቸውም። አቀርቅሬ «እማማ፣ ባለፈው የነገርኩዎት ልክ አልነበረም፤ ያን ያህል አልተሻሻለም» አልኳቸው። ይቆጡኛል ወይም ያዝኑብኛል ብዬ ነበር። ፈገግ ብለው «እኔማ አውቄዋለሁ ልጅየ» አሉኝ። «ደስ ብሎህ ስለነበር ነው ዝም ያልኩህ።»

ይህን ያህል በይሉኝታ የሚያልፍ ሕዝብ መሐል ሆኖ «ተሽሎዎታል?» ብሎ ጠይቆ «አዎ» የሚል መልስ መጻፍ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚያን ቀን ጀምሮ እጠራጠራለሁ። ታካሚው ሐኪሙን እንዳያሳዝን ይሻለኛል ይላል፣ ሐኪሙም ተሻለው ብሎ ይጽፋል። ቀጥሎ የተናገሩት ደግሞ የበለጠ ወጋኝ። «አብሽር። ወጌሻውም እንዳንተው ነው የሚስበው፤ ያንተስ እንኳ መጨረሻው ላይ አይዞዎት አለው።»

እጅ ወደየት፣ እጅ እስከየት

ነጭ ጋውንና ጎኒዮሜትር ካነሣንለት የእኔ ሥራ ከወጌሻው በምን ይለያል የሚለው ጥያቄ የማይመች ቢሆንም አስፈላጊ ነበር። በሙያችን መገጣጠሚያን በእጅ ስለማንቀሳቀስ ብዙ ተጽፏል። አውስትራሊያዊው ሜይትላንድ እንቅስቃሴውን በአራት ደረጃ ከፍሎታል፤ አንደኛና ሁለተኛው ከእንቅስቃሴው ድንበር በፊት የሚቆሙ፣ ሕመም ለማብረድ የሚረዱ ሲሆኑ፣ ሦስተኛና አራተኛው እስከ ድንበሩ ደርሰው የደረቀውን የሚያላሉ ናቸው። ክፍፍሉ ሲነበብ ቀላል ይመስላል። ከባዱ ነገር የዛሬው ትከሻ የትኛውን እንደሚፈልግ ማወቅ ነው፤ ሌሊት ለሚያመው ትከሻ አራተኛውን መስጠት የተቆጣን ሰው እንደ መግፋት ነው። እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አራተኛው ላይ ነበርኩ።

ኔዘርላንድ ውስጥ ተሠርቶ በፈረንጆቹ 2004 የታተመ አንድ ጥናት አለ። የደረቀ ትከሻ ያለባቸውን 77 ሰዎች ሁለት ዓመት ተከታትሏል። ለአንደኛው ወገን የሕመምን ድንበር እያለፈም ቢሆን ጠንከር ያለ የእጅ ሕክምናና መለጠጥ ተሰጠ፤ ለሁለተኛው ወገን ስለ ሕመሙ ተብራርቶለት ሕመም በማያስነሣ ልክ እንዲንቀሳቀስ ብቻ ተደረገ። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ በቀላሉ ከተያዙት 89 በመቶ ያህሉ ጥሩ ወደሚባለው የትከሻ አገልግሎት ሲመለሱ፣ ጠንከር ካለው ወገን የተመለሱት 63 በመቶ ብቻ ነበሩ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የሚለውን ተረት እኛ ቤት እናቴ ስትናገረው አድጌያለሁ፤ በሙያዬ ግን ተግባራዊ ለማድረግ የሆላንዶች መቶኛ ያስፈለገኝ መሆኑ ያሳፍራል።

ሁለተኛው የለወጠኝ ነገር ስለ አቅጣጫ ነው። የክንዱ አጥንት ራስ ክብ ነው፤ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ደግሞ ጥልቀት የለውም፤ ብርቱካን በሲኒ ማስቀመጫ ላይ እንደ ማስቀመጥ ነው። እንዳይንሸራተት ዙሪያውን የሚይዙት አራት ትንንሽ ጡንቻዎች ናቸው፤ ጋን በጠጠር ይደገፋል ለሚለው ተረት ከዚህ የተሻለ ማሳያ በሰውነት ውስጥ አላውቅም። ኖርዌያዊው ካልተንቦርን ያስተማረው ደንብ እንደሚለው ክንድ ወደ ውጭ ሲዞር የአጥንቱ ራስ ወደ ፊት ስለሚንሸራተት፣ ያ እንቅስቃሴ ሲጠብ የአጥንቱን ራስ ወደ ፊት መግፋት ይገባል። እኔም የማደርገው ይህንኑ ነበር። በፈረንጆቹ 2007 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ግን 20 ታካሚዎችን ለሁለት ከፍሎ የአንዱን ወገን ትከሻ ወደ ፊት፣ የሌላውን ወደ ኋላ አስገፋ። ከስድስት ቀጠሮ በኋላ ወደ ፊት የተገፉት በአማካይ ሦስት ዲግሪ ብቻ ሲያገኙ፣ ወደ ኋላ የተገፉት 31 ዲግሪ ያህል አገኙ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ በሃያ ሰው ደንብ አይሻርም ብሎ መከራከር ይቻላል። የእኔ መከራከሪያ ግን የእኚህ እናት 10 ዲግሪ ነበር። ደንቡ በትከሻቸው ላይ ስድስት ጊዜ ተሞክሮ አልሠራም፤ ስለዚህ ደንቡን ትቼ ትከሻውን መስማት ነበረብኝ።

ከሰባተኛው ቀጠሮ ጀምሮ እጄን ወደ ትከሻቸው ፊት አዛወርኩ። ክንዳቸውን ሳያማቸው ሊዞር እስከሚችለው ድረስ አዙሬ አቆማለሁ፤ ከዚያ በመዳፌ የአጥንቱን ራስ ወደ ኋላ፣ በዝግታ፣ እየገፋሁ እለቃለሁ። ፊታቸውን አያለሁ። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ካመጡ አቆማለሁ። ከእጄ ሥር የሚላላ ነገር ሲሰማኝ የመጨመሩ ፈተና ዛሬም አለ፤ ያን ጊዜ ወደ ኋላ መመለስን እየተማርኩ ነው።

እዚህ ላይ ስለ እጄ አቅም እውነቱን መናገር አለብኝ። በፈረንጆቹ 2014 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመረምር ድርጅት በደረቀ ትከሻ ላይ የተሠሩ 32 ሙከራዎችን፣ 1,836 ሰዎችን የያዙ፣ አንድ ላይ መርምሮ ያገኘው የእጅ ሕክምናና እንቅስቃሴ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የስቴሮይድ (ቁጣን የሚያበርድ መድኃኒት) መርፌን ያህል ላይረዳ እንደሚችል ነው፤ ወራት ሲያልፉ ልዩነቱ ይጠባል። በፈረንጆቹ 2020 የታተመው የብሪታንያ ትልቅ ጥናት ደግሞ በ503 ሰዎች ላይ በማደንዘዣ ተኝተው ክንዳቸው እንዲላቀቅ የተደረጉትን፣ ቀዶ ሕክምና ያገኙትንና ከመርፌ ጋር ፊዚዮቴራፒ የተሰጣቸውን አነጻጽሮ አንዱ ከሌላው በጎላ ሁኔታ አልበለጠም ብሏል። ይህንን ለሐኪማቸው አንሥቼ ስለ መርፌው ተነጋገርን። ስቴሮይድ ስኳርን ለቀናት ከፍ ስለሚያደርግ ውሳኔው የእሱና የታካሚዋ ነበር፤ ስኳራቸው እስኪስተካከል ጠብቀው አንድ ጊዜ ተወጉ። ሌሊቱ የተመለሰላቸው ከዚያ በኋላ ነው፤ ይህን የእጄ ውጤት ነው ብዬ አልጽፍም።

ታዲያ እጄ ምን ይሠራል? ለጥቂት ሰዓት በር ይከፍታል። ከቀጠሮ በኋላ ትከሻው ለቀቅ የሚልበት ጊዜ አለ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰውየው ራሱ ካልተንቀሳቀሰበት በሩ ተመልሶ ይዘጋል። ከሐይቅ የሚመጣ ሰው በሳምንት ሁለት ጊዜ እኔ ጋ የሚያሳልፈው አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። የቀረው ሰዓት የእሳቸው ነው።

በአቦልና በቶና መካከል

ስለ ቤት እንቅስቃሴ ከዚያ በፊትም እሰጣቸው የነበረ ሥዕል ያለበት ወረቀት ነበር። የት እንዳለ ስጠይቃቸው ልጅቷ ሳቀች፤ የስኳር መድኃኒቱን ጠቅልላበታለች። ወረቀቱን ተውነውና ከቀናቸው ጀመርን። መቼ ነው የሚቀመጡት? ቡና ላይ። መቼ ነው ብቻቸውን የሚሆኑት? ከሶላት በኋላ፣ ምንጣፋቸው ላይ። እንግዲያው አቦል ወርዶ ቶና እስኪፈላ ባለው ጊዜ፣ ቁጭ እንዳሉ ክርናቸውን ከጎናቸው አስጠግተው የማማሰያውን እንጨት በሁለት እጃቸው አግድም ይይዛሉ፤ ግራው እጅ ቀኙን በዝግታ ወደ ውጭ ይገፋዋል። በቶናና በበረካ መካከል ይደግሙታል። ከሶላት በኋላ ደግሞ ቆም ብለው፣ ጎንበስ ብለው፣ ክንዳቸውን እንደ ተንጠለጠለ ገመድ ያወዛውዙታል፤ ይህን የመጨረሻውን የፈጠረው ያው ኮድማን ነው።

ልኩን የምንነግርበት አንድ ደንብ አበጀን። ሲሠሩ የሚመጣ ሕመም ቡናው ሳይነሣ ከጠፋ ደህና ነው፤ ሌሊት ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰ በማግሥቱ ይቀንሳሉ። እሳቸው ደግሞ የራሳቸውን ጨመሩበት። ለሶላት እጃቸውን ሲያነሡ ቀኙ እስከየት እንደደረሰ ያስተውላሉ፤ «አንገቴ ላይ ነው»፣ «አገጬ ጋ ደርሷል» እያሉ ማክሰኞ ማክሰኞ ይነግሩኛል። ከጎኒዮሜትሬ ይልቅ ይህንን ማመን ጀመርኩ። ካርዱ ላይም ከዲግሪው በታች አዲስ መስመር ከፍቼ በአማርኛ «ሻሽ» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ ይህ ምን ማለት ነው ብሎ ጠይቆኝ ነበር፤ ሳስረዳው ጥቂት አስቦ ዝም አለ፤ አልሰረዘውም።

ለውጡ ፈጣን አልነበረም። አንዳንድ ሳምንት ወደ ኋላ ተመልሷል፤ ለሰርግ ድግስ ሁለት ቀን ድንች ሲልጡና ሽንኩርት ሲከትፉ ሰንብተው የመጡ ጊዜ ሦስት ቀጠሮ ያገኘነውን መልሰን አጥተናል። በሁለተኛው ወር 10 የነበረው 20 ሆነ፤ በአራተኛው 35። በአምስተኛው ወር አጋማሽ አንድ ማክሰኞ ብቻቸውን መጡ። «ልጅቷስ?» አልኳቸው። «ፈተና ላይ ናት» አሉኝ።

ሕክምናው ሲያልቅ ተነሥተው ተቀመጡ፤ ሻሹ ጭናቸው ላይ ነበር። ካርዱን አልከፈትኩም። ግራ እጃቸው ሻሹን ግንባራቸው ላይ ያዘ፣ ቀኙ ሌላውን ጫፍ ይዞ ወደ ኋላ ሄደ፣ ከጆሯቸው በስተኋላ ሲደርስ ቆመ። ራሳቸውን ትንሽ ዝቅ አደረጉለት። ጣቶቻቸው ተፈላለጉ፣ ጫፉ አመለጣቸው። ልረዳቸው ከወንበሬ ብድግ ካልኩ በኋላ መልሼ ተቀመጥኩ። እንደገና ሞከሩ። ቋጠሮው ወደ ቀኝ ያጋደለ፣ ላላ ያለ ነበር፤ ልጃቸው ብታየው ፈትታ ታስረው ነበር።

ነጠላቸውን ሲከናነቡ «ጀርባዬን ግን አሁንም አላክም፤ ልጅም አላዝልም» አሉኝ፤ እጃቸው ከኋላ ከዳሌያቸው በላይ እንደማይሄድ ዞረው አሳዩኝ። ወደ ውስጥ መዞሩ ገና ነው። ሐሙስ ከዚያ እንጀምራለን ብዬ ቀጠሮአቸውን ጻፍኩላቸው።